የጁወይሪያ እጅ መጣመም የተማረበት ክረምት

አቤት፣ የጁወይሪያ እጅ! አሰላ ውስጥ ሌማት የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የሰፋችውን ሌማት ገልብጠው ጠረጴዛ ላይ ቢያስቀምጡት አንድ ጎኑ እንኳ አይነሳም። ገበያ ላይ ነጋዴዎቹ ዋጋ መስቀል ሲያምራቸው «የጁወይሪያ ነው!» ብለው ይምላሉ። ግማሹ ውሸት ነው። እሷም ትሰማና ትስቃለች።

ልጇ ፈይሩዛ ለሮቤ ከተማ ልጅ ከታጨች ወዲህ ግን ሳቁ ቀነሰ። የሙሽራው እናት ወይዘሮ ዘሀራ ራሳቸው ስፌት አዋቂ ናቸው። ከሙሽሪት ጋር የሚሄደው መሶብ የእናቷ የእጅ ሥራ ካልሆነ ሮቤ ላይ ምን እንደሚወራ ጁወይሪያ አልጠፋትም። ስለዚህ በጋውን ሁሉ ስንደዶ ስትለቅም፣ አክርማ ስትሰነጥቅ፣ አለላውን በቀለም ስትነክር ከረመች።

መክሊት የመጣችው ያኔ ነው። የአዲስ አበባ ሠዓሊ ናት፤ ሥዕል የማትሥል ሠዓሊ።

«አዴ ጁወይሪያ፣ ግድግዳ የሚሞላ ሌማት እንዲሰፉልኝ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት፣ አለላ የሌለው። ግን ጠማማ ይሁን።»

«ምን ይሁን?»

«ጠማማ። የሰው እጅ ድካሙ ይታይበት።»

ጁወይሪያ አማርኛው ያመለጣት መስሏት በኦሮምኛ ልጇን ጠየቀቻት። ፈይሩዛ ሳቋን አፍና «ጠማማ ነው ያለችው እማ፣ በደንብ ሰምተሻል» አለቻት።

«ይሄማ የጎረቤቴ የአባይነሽ ሙያ ነው! ልጥራልሽ?»

«አይ፣ ማቃናት የሚችል ሰው ሲያጣምመው ነው የሚያምረው» አለች መክሊት።

ቃሉ ጁወይሪያን ጣፈጣት። የሠርጉ ድንኳን ኪራይም ከዚሁ ይወጣል። እሺ አለች።

የመጀመሪያዎቹ ሌማቶች አስለቀሷት። ወስፌው በልማዱ ወደ ቀናው ይሄድባታል፤ ትፈታና ደግማ ታጣምማለች። አላፊ አግዳሚ እንዳያይባት ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ነበር የምትሰፋው። ክረምቱ እየገፋ ሲሄድ ግን ለቅሶው ቀረ። ያው ሌማት፣ ያው ጥመት፣ ጠዋት፣ ከዙህር ሶላት በኋላ፣ ከአስር ሶላት በኋላ። እጇ ሳታዘው መሄድ ጀመረ። ወሬ እያወራች ታጣምማለች፣ ቴሌቪዥን እያየች ታጣምማለች። መክሊት ሌማቱን ሚኒባስ ሙሉ ጭና ስትሄድ ያን እጅ ስማው ሄደች።

ከዚያ ጁወይሪያ የፈይሩዛን መሶብ ያዘች። መነሻው ደህና ወጣ። ወገቡ ላይ ሲደርስ ተዛነፈ። ፈታችው፤ ደገመችው፤ ያው ነው። አጥብቃ ያዘችው፤ ባሰበት።

«ምን ሆንሽ እማ?»

«ዓይኔ ነው።»

ዓይኗ አልነበረም። ዓይኗማ ጥመቱን ገና ሳይመጣ ያየዋል። እጇ ነው እምቢ ያላት።

ሠርጉ ሲቃረብ መክሊት ፎቶ ላከች። ሌማቶቹ ነጭ ግድግዳ ሞልተዋል፤ ሰዎች ብርጭቆ ይዘው ቆመው ያያሉ። ጥግ ላይ የመክሊት ስም ተጽፏል። ፈይሩዛ ፎቶውን በጣቷ እያሰፋች ሌላ ስም ፈለገች። የለም።

በማግስቱ ጁወይሪያ ሻርፗን እስከ ቅንድቧ ስባ ሁሩታ ገበያ ወረደች። እዚያ የሚያውቃት የለም። ቀጥ ያለ፣ ያማረ መሶብ መረጠች። ነጋዴው ስታመነታ ሲያይ ቀረብ ብሎ፣

«ይውሰዱት እናቴ፤ የአሰላዋ የጁወይሪያ እጅ ነው፣ ወላሂ!» አላት።

ሳትከራከር ገዛችው።

የሠርጉ ለት ወይዘሮ ዘሀራ በሴቶቹ ሁሉ ፊት ክዳኑን አነሱ፣ ገለበጡ፣ ዙሩን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

«ማሻአላህ! የሚወራው እውነት ነው ለካ። እጅዎን አላህ ይባርከው!»

ፈይሩዛ ዓይኗን ምንጣፉ ላይ ተከለች።

«አሚን» አለች ጁወይሪያ፣ እጇን ሻርፗ ውስጥ እየደበቀች።