መሳቢያ ውስጥ የከረመው ፍርድ

ትናንት ከሐኪም ቤት ስመለስ በተሳፈርኩበት ሚኒባስ ውስጥ ሬዲዮው ጉዳይ ያጓተቱ ዳኞች በዲሲፕሊን መቀጣታቸውን አወራ። ሹፌሩ «እሰይ፣ ይበላቸው!» አለ፤ ተሳፋሪውም ሳቀ። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። የጉልበቴ ሕመም ይሁን ሌላ፣ ለመሳቅ አቅም አጣሁ።

በኢሕአዴግ የመጀመሪያ ዓመታት፣ ሃያ ሦስት ዓመቴ ሳለ፣ ቦንጋ ውስጥ በአንድ ፍርድ ቤት የችሎት ጸሐፊ ነበርኩ። ቀጠሮ እመዘግባለሁ፣ ዳኛው በእጃቸው የጻፉትን በታይፕ እመታለሁ። የቦንጋ ዝናብ መቼም አያባራም፤ ክረምቱ ወጣ ሲባል እንኳ ደመናው ከጫካው ላይ አይነሳም። የመዝገብ ቤቱ ጣሪያ ያፈስ ስለነበር የፋይሎቹ የሻጋታ ሽታ በልብሴ ገብቶ ቤት ድረስ ይከተለኛል።

ዳኛችን አቶ ወልደሚካኤል ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ጉቦ አይቀምሱም፣ ባለጉዳይ አያመናጭቁም። አባቴ ሲሞት ሦስት ቀን ሙሉ ድንኳን ውስጥ አብረውኝ ተቀምጠዋል። ነገር ግን ከዓመታት በፊት የፈረዱበት አንድ ሰው በይግባኝ ነጻ ሲባል፣ ውሳኔው ሳይደርስለት እስር ቤት ሞቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ መፈረም ፈሩ። ምስክር ይሰማሉ፣ ማስታወሻ ይይዛሉ፤ ፍርድ መስጫው ሲደርስ «ተለዋጭ ቀጠሮ ስጪ» ይሉኛል።

«ምክንያቱን ምን ልበል?»

«ስብሰባ በይ።»

እጽፋለሁ። ስብሰባ ያልነበረበትን ቀን ሁሉ የስብሰባ ቀን አደረግሁት።

ከባለጉዳዮቹ አንዷ ከሺሺንዳ ገጠር የሚመጡት እትዬ አስካለች ነበሩ። ባላቸው ሲሞት የባላቸው ወንድም የቡና ማሳውን ነጥቋቸው ነው የከሰሱት። ጭቃው ሲብስና መኪና ሲጠፋ ገሚሱን መንገድ በእግራቸው ይመጣሉ። እርጥብ ጫማቸውን አውልቀው በረንዳው ላይ ይቀመጡና በኮባ ቅጠል የቋጠሩትን የተቀቀለ ጎደሬ ይፈታሉ። ለእኔም ያካፍሉኛል። «ብዪ ልጄ፣ ከስተሻል» ይሉኛል፣ የአካባቢያቸው ቋንቋ የካፊኖኖ ዜማ ባልለቀቀው አማርኛቸው።

አንድ የመስከረም ጠዋት ዳኛው የእትዬ አስካለችን ፍርድ ጽፈው ሰጡኝ። በታይፕ ስመታው አራት ገጽ ሆነ። ማሳው ለከሳሿ ይመለስ ይላል። ደስ ብሎኝ እየሮጥኩ ወሰድኩላቸው። አነበቡት፤ እስክሪብቶ አነሱ፤ መልሰው አስቀመጡት። «ትንሽ ልየው» አሉና መሳቢያቸው ውስጥ ከተው ቆለፉበት።

የዚያ ዓመት ቡና ደረሰ፤ ለቃሚው የባል ወንድም ነበር። በዓመቱም እንደዚያው። እትዬ አስካለች በየቀጠሮው እየመጡ «ዛሬም ስብሰባ ነው?» ይሉኛል። «አዎ እትዬ» እላለሁ። ጎደሬውንም እበላለሁ።

በመጨረሻ የመንደራቸው አስተማሪ አቤቱታ ጻፈላቸው። ዳኞችን የሚቆጣጠረው ጉባኤ አንድ መርማሪ ላከ፤ ዝግ ብሎ የሚናገር ቀጭን ሰው ነበር። ዳኛው በተቀመጡበት የቀጠሮ መዝገቤን ገለጠና ጣቱን አንድ መስመር ላይ አኖረ።

«በዚህ ቀን ስብሰባ ነበር?»

«ነበር» ብል ሁለታችንም እንድናለን። ዳኛውን ቀና ብዬ ሳያቸው አንገታቸውን ደፍተዋል።

«አልነበረም» አልኩ። «ፍርዱ ተጽፎ ካለቀ ዓመት አልፎታል። መሳቢያቸው ውስጥ ነው።»

ዳኛው አልተቆጡም። ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው መሳቢያውን ራሳቸው ከፈቱ። «እውነቷን ነው» ብቻ አሉ።

ከባድ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷቸው ወደ ሩቅ ወረዳ ተዛወሩ። ልሰናበታቸው ስሄድ መጽሐፎቻቸውን በካርቶን እያሰሩ ነበር። «አልተቀየምኩሽም» አሉኝ። «ምነው ግን ቀደም ብለሽ በተናገርሽ ኖሮ። እኔ ብቻዬን አልቻልኩም።»

አዲሱ ዳኛ መዝገቡን መርምረው በሁለት ሳምንት ፈረዱ። ማሳው ለእትዬ አስካለች ተመለሰ። አስተርጓሚው ውሳኔውን በካፊኖኖ ሲነግራቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሰሙ። እንኳን ደስ አለዎት ልላቸው በረንዳው ላይ ጠበቅኋቸው።

«ፍርዱ ፊት ተጽፎ ነበር አሉ። ማን ነው በታይፕ የመታው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ስብሰባ ነው ስትዪኝ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ እትዬ።»

አልሰደቡኝም። የምሳቸውን ቋጠሮ ሳይፈቱ አንስተው በዝናቡ ውስጥ ወደ መናኸሪያው ወረዱ።

የዳኛው ቅጣት ተገቢ ነበር፤ ያን ጊዜም አምኛለሁ፣ ዛሬም አምናለሁ። እኔን ግን ማንም አልቀጣኝም። እንዲያውም ሳትፈራ እውነት ተናገረች ተብዬ በሠራተኞች ፊት ተመሰገንኩ። እስካሁን የሚከብደኝ ያ ምስጋና ነው። እትዬ አስካለች ማሳቸውን ከተረከቡ ከዓመታት በኋላ አረፉ ሲሉ ሰማሁ። ሺሺንዳ ሄጄ ይቅርታ ልጠይቃቸው አስብ ነበር። መንገዱ ይድረቅ፣ ልጆቼ ከፍ ይበሉ፣ ሥራዬ ይቅለል እያልኩ ሳልሄድ ቀረሁ።