የግብር ገማቾች እናቴ እጅ የገቡ ዕለት

ሐሙስ ጠዋት ከሱቅ ስመለስ ሳሎናችን ውስጥ የማላውቀው መጅሊስ ተነጥፎ አገኘሁ... ቀይ፣ ዳር ዳሩ ወርቃማ። የጎረቤታችን የእትዬ ዘሃራ ነው።

«እማ፣ ማን ሊመጣ ነው?»

«ገማቾቹ ናቸዋ» አለችኝ፣ ትራሱን እየደለደለች።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ነው ራሴን የያዝኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። መካነ ሰላም ላይ ሰሞኑን የቤት ግብር ግምት እንደገና እየተሠራ ነው። ገማቾች ቤት ለቤት ዞረው ግድግዳውን፣ ወለሉን፣ ውሃና መብራቱን ያያሉ። ከዚያ «ይህ ቤት ቢከራይ በዓመት ምን ያህል ያወጣል?» ብለው ደረጃ ይሰጡታል፤ ግብሩ የሚሰላው ከዚያ ነው። ራስህ ብትኖርበትም ያው ነው። ቤቱ ባማረ ቁጥር ግብሩም ይጨምራል ማለት ነው። ይሄንን እናቴ ከእኔ በላይ ታውቃለች።

ቤቱ ደግሞ የእኛ አይደለም፤ የታላቅ እህቴ የራህማ ነው። ሪያድ ሰው ቤት እየሠራች በምትልከው ነው የቆመው። ጓሮ ያሉት ሁለት ክፍሎች ገና ልስን አላዩም፣ አንዱማ በርም የለው። እነሱ ሲያልቁ አከራይታቸው፣ በኪራዩ እየኖረች፣ ጠቅልላ ልትገባ ነው ሐሳቧ። ስለዚህ ግብሩ ሲጨምር ልስኑ ይዘገያል፤ ልስኑ ሲዘገይ እሷም ትዘገያለች። ሳምንቱን ሙሉ ለእናቴ ስለፈልፍ የከረምኩት ይህንን ነው።

ዋሺ አላልኳትም እኮ። «እውነቱን ብቻ ንገሪያቸው። ውሃ አልፎ አልፎ ነው የሚመጣው በይ፣ ጓሮው አላለቀም በይ፣ ሌላውን ለነሱ ተይላቸው» ነው ያልኳት። «እሺ፣ አብሽሪ» ብላኝ ነበር።

መጡ። አንዲት ሜትር የያዘች ባለሙያና የሰፈራችን ተወካይ ጋሽ ይማም። ችግሩ ጋሽ ይማም ናቸው። የሳቸውም ልጅ ዱባይ ነው ያለው፣ የሳቸውም ቤት የተገመተው ከኛ በፊት ነው። እናቴ ገና በር ላይ ስታያቸው ጀርባዋን ቀጥ ስታደርግ... አበቃልን አልኩ።

ባለሙያዋ ሳሎኑን ለክታ ጨረሰችና «እማማ፣ ቤቱ ቢከራይ ምን ያህል ያወጣል ይላሉ?» አለቻት።

«ይኼ ቤት? ይኼማ እንኳን ለሰው ለባንክም ይበቃል።»

ገማች ፊት ባንክ ይጠራል? እስኪ ፍረዱኝ።

«እማ ለማለት የፈለገችው...» ብዬ ስጀምር በግልምጫ አቋረጠችኝ።

«ውሃስ አላችሁ?»

«አልሀምዱሊላህ፣ ሞልቶ ተርፎ።»

ውሃ የምንቀዳባቸው ጀሪካኖች የት እንደገቡ በኋላ ነው ያወቅኩት፤ አልጋዬ ስር ደርድራቸዋለች። በር የሌለው ክፍል ላይ ደግሞ መጋረጃ ሰቅላለች... ለአክስቴ ልጅ ሰርግ ብለን ከላላ ወረዳ ድረስ ይዘነው የሄድነውን መጋረጃ። ባለሙያዋ ልትገልጠው ስትጠጋ እናቴ ፊቷ ቆመች።

«እሱ ልጄ ስትመጣ በሴራሚክ የሚያልቅ ነው። ዕቃው ተገዝቷል።»

የቱ ሴራሚክ? ወላሂ እቤታችን ውስጥ ሴራሚክ የሚባል ነገር ካለ የቡና ስኒው ብቻ ነው።

«የለም፣ ጓሮው ገና ልስን እንኳ የለው፣ ገብተሽ እይው» አልኩ እንደ ምንም ብዬ። ባለሙያዋ እኔንም እናቴንም አየችና ፈገግ አለች። ጋሽ ይማም ግን መጅሊሱን በእጃቸው ዳሰስ አድርገው «ማሻ አላህ፣ ራህማ ሰው ሆነች። የኛን ሁለተኛ ደረጃ ነው ያሉት» አሉ። እናቴ ሻሿን አስተካከለች።

ሲወጡ ባለሙያዋን በር ድረስ ሸኘኋት። «ገና ይጸድቃል፤ በኔ በኩል ግን አንደኛ ደረጃ ነው። ቅር ካላችሁ ቅሬታ ማስገባት ትችላላችሁ» አለችኝ።

ተመልሼ ገባሁና ፈነዳሁ።

«እማ፣ ምን ነካሽ? ራህማ ላይ ሌላ ኮንትራት ጨመርሽባት እኮ። ይሄ ጉራሽ ልጅሽን እዚያው ያስቀራታል።»

የሰው መጅሊስ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«ታዲያ ምን ልበል? ወጣትነቷን ከፍላ የሠራችውን ቤት ይማም ፊት ቆሜ አይረባም ልበል? እሷን እንደሁ አላያት። የማየው ቤቷን ነው።»

አንጀቴን በላችው። ንዴቴ ግን አልወጣልኝም።

ከሰዓት ራህማ ስትደውል አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ባንኩን፣ መጋረጃውን፣ ጀሪካኑን። ቢያንስ እሷ ከኔ ጋር ትናደዳለች ብዬ ነው። የምትለፋው እሷ፣ የምትከፍለው እሷ።

«ነገ ቅሬታ አስገባለሁ። ጓሮውን እንዲያዩት አደርጋለሁ፣ ደረጃው ይወርዳል። አንቺ ብቻ እሺ በይኝ» አልኳት።

እሷ ግን ሌላ ነገር ነው የጠየቀችኝ።

«አንደኛ አሉት?»

«አዎ።»

«የጋሽ ይማምን ሁለተኛ?»

«አዎ ራህማ፣ ግን...»

«ቅሬታውን ተይው።» ድምጿ ውስጥ ለቅሶ አለ፣ ሳቅም አለ። «እስኪ አንደኛ ያሉትን እንደገና ንገሪኝ።»

ነገርኳት። ምን ላድርግ፣ ደጋግሜ ነገርኳት።

አሁን በእናትና በልጅ ላይ ቅሬታ የሚቀበል መስኮት የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ፤ ወረፋው ላይ የምገኘው እኔ ብቻ ብሆንም ግድ የለኝም።