ብረት የምትቀቅለዋ ተከራይ

ቡራዩ ቤት ስከራይ የሰማሁት የመጀመሪያ ሕግ «ቀን ቤት አይዋልም» የሚል ነበር። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው፣ ካውያ ክልክል ነው፣ እንግዳ አያድርም፤ እነዚህን አዲስ አበባ እያለሁ በቃሌ ስላጠናኋቸው አልገረሙኝም። ይኼኛው ግን ለእኔ አዲስ ነው። ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ፣ በመሀል ያለውን ቀን የትም ያሳልፈው የት የማይጠየቅ ሰው ነበር የሚፈለገው። ግቢው ውስጥ በአንድ መስመር የተሠሩ ስድስት ክፍሎች ነበሩ፤ ስድስታችንም ጠዋት ጠዋት በር ቆልፈን ተከታትለን እንወጣለን።

አከራዬ ሰማንያን የተጠጉ ሽማግሌ ናቸው። ሰፈሩ «ኦቦ» ብሎ ያከብራቸዋል፤ እኛ ተከራዮች ፊት ለፊት አባባ፣ ከኋላቸው ደግሞ «ቀበሌው» እንላቸው ነበር። አፋቸው ውስጥ አንድም ጥርስ አልቀረም። ሲናገሩ ቃሉ ሁሉ ተድጦና ተጨፍልቆ ስለሚወጣ አብዛኛው ሰው ፈገግ ብሎ ራሱን ነቅንቆ ያልፋቸዋል። እኔ ግን እያንዳንዱን ቃል እሰማቸዋለሁ። ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም፤ ሥራዬ ስለሆነ ነው።

ሥራዬ ጥርስ መሥራት ነው። ሐኪም አይደለሁም። ሐኪሙ የበሽተኛውን አፍ ልክ ይልክልኛል፣ እኔ በጀሶና በሰም ጀምሬ፣ ናስ ሣጥን ውስጥ አሽጌ ቀቅዬ፣ በትንሽ ሞተር ፍቄ አሳምሬ መንጋጋ አድርጌ እመልስለታለሁ። መርካቶ አካባቢ አንድ ፎቅ ላይ ከአለቃዬና ከአንድ የተሰነጠቀ መስኮት ጋር እውል ነበር። ከተማ ውስጥ ስንቱ በእኔ ጥርስ ይስቃል ብዬ እኮራለሁ፤ አንዳንዱ ሲስቅ ሳየው ግን ይኼንንስ ሌላ ሰው ነው የሠራው እላለሁ።

ከዚያ የማስተር ፕላኑ ነገር መጣ። አዲስ አበባ ልትሰፋ ነው፣ ቡራዩንም ሰበታንም ሱሉልታንም ልትውጥ ነው ተባለ፤ ሊዋጥ የፈለገ ስላልነበረ መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደረደረ፣ ጎማ ተቃጠለ፣ ታክሲ ቀረ፣ ተኩስ ተሰማ። በተኩሱ አልቀልድም። ከእኛ ከፍ ብሎ ካለው መንገድ ዳር የአንዲት ሴት ለቅሶ ቀኑን ሙሉ ግቢያችን ድረስ ይሰማ ነበር፤ ያን ቀን ተከራዩም አከራዩም አንድ በረንዳ ላይ ነው የዋለው።

አለቃዬ በስልክ «የሰው አፍ ፖለቲካ እስኪበርድ አይጠብቅም» አለኝ። ወይ ከተማ ውስጥ ቤት እከራያለሁ፣ ወይ ዕቃዬን ወስጄ ቤት ሆኜ እሠራለሁ፤ ቀጠሮ የተያዘላቸው አምስት ሰዎች ጥርሳቸውን ካላገኙ ግን ወንበሬ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጣል። አምስት ዓመት የተቀመጥኩበት ወንበር ነው፤ ሌላ የማውቀው ሥራም የለኝም። ታክሲ በሠራበት አንድ ቀን ሞተሩን፣ ናስ ሣጥኖቹን፣ ጀሶውንና አፍንጫ የሚሰነጥቀውን የጥርስ መሥሪያ ፈሳሽ በልብስ ማዳበሪያ ጠቅልዬ አስገባሁ። አባባ በረንዳቸው ላይ ሆነው አዩኝ። የሚታጠብ ልብስ ነው አልኳቸው።

መንገድ በተዘጋበት ቀን ሁሉም ቤቱ ስለሚውል ችግር አልነበረም። መንገዱ ሲከፈት ግን አምስቱ ወጡ፣ እኔ ቀረሁ። የአባባ ሚስት፣ አዴ የምንላቸው፣ የሞተሩን ድምፅ ሰምተው በበሩ በኩል ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ጁስ መፍጫ ነው አልኩ። የምን ጁስ አሉ። የአቮካዶ አልኩ። ውሸት ሲጀመር አቮካዶ ላይ መድረስ አልነበረበትም፤ ምክንያቱም በዚያ ግቢ ቂጣ የጋገረ ቁራሽ፣ ሽሮ የሠራ ጭልፋ ለአዴ ሳያቀምስ አይበላም። ሞተሩ ሦስት ቀን ሙሉ ሲጮህ አንዲት ብርጭቆ አቮካዶ አልደረሳቸውም። ተቀየሙ። በሬን ያስከፈታቸው ጥርጣሬ ሳይሆን ይኼ ቅያሜ ነው።

በአራተኛው ቀን መጸዳጃ ቤት ደርሼ ስመለስ አዴ ክፍሌ ውስጥ ቆመዋል፤ የድስቴን ክዳን አንስተው ውስጡን ያያሉ። ድስቱ ውስጥ ሁለት የናስ ሣጥኖች ይፈላሉ። መስኮቱ ላይ ደግሞ ሦስት የሰም መንጋጋ ተደርድሮ ወደ እሳቸው ያገጥጣል። ክዳኑን በቀስታ መልሰው ወጡ። ቀትር ሳይሆን ሰፈሩ በሙሉ የኦቦ ተከራይ ብረት ትቀቅላለች አለ። ቦምብ ነው ያለም ነበር። የአጥር ጎረቤታችን ልጆቿን ከአጥሩ ወዲያ አሸሸች፤ በዚያ ጊዜ አልፈርድባትም።

ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ተጠራሁ። አባባ ወንበር ላይ፣ አዴ ደጃፉ ላይ፣ እኔ ዱካ ላይ ሆንን። መንጋጋዎቹን በሣህን ይዤ ቀርቤ ሁሉንም አስረዳሁ፤ አለቃዬን፣ ወንበሬን፣ አምስቱን ሰዎች። አባባ አንዱን መንጋጋ አንስተው አገላበጡት፣ በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። ያን ጊዜ ብልጥ የሆንኩ መሰለኝና ለእርስዎም በነፃ አንድ ሙሉ እሠራልዎታለሁ አልኩ። መንጋጋውን እሳት እንደነካ ሰው ሣህኑ ላይ ጣሉት።

ጉቦ አልቀበልም አሉ። ቀጥለውም ስለ ላማቸው ነገሩኝ። ይኼ ሰፈር ሁሉ ድሮ የእሳቸው ጤፍና ግጦሽ ነበር፤ ቀስ በቀስ ተቆራርሶ ቤት በቀለበት፣ የቀረቻቸው ግቢያቸውና አንዲት ላም ናት። ከማዘጋጃ የመጡ ሰዎች ደግሞ በፕላኑ ላይ ይኼ የመኖሪያ ቀጠና ነው፣ ከብት ማርባት ሥራ ነው፣ መኖሪያ ውስጥ ሥራ አይሠራም፣ ላሚቱ በወሩ መጨረሻ ትውጣ ብለዋቸዋል።

«ላሜ ቤቷ ውስጥ መሥራት ካልቻለች፣ ኢንተላ ኮ፣ አንቺ በምን ትችያለሽ?» አሉኝ።

ልጄ ሲሉኝ ነው። ሳቄ መጣ፤ ከሳቄ በስተኋላ ግን ንዴቴ ነበር። ላሚቱን ያስወጣኋት እኔ አይደለሁማ። ማዘጋጃውን ማሸነፍ ያቃተው ሁሉ ለምን ተከራይ ላይ ማዘጋጃ ይሆናል? ይኼን ሁሉ በሆዴ አልኩ። በአፌ «እሺ አባባ» ብዬ ሣህኔን ይዤ ገባሁ። እስከ ሰኞ ዕቃው ይውጣ ተባለ።

ሰኞ ጠዋት ዕቃዬን ስጠቀልል አባባ እራሳቸው በሬ ላይ መጡ። በአከራይ ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡና፣ የማዘጋጃው ሰዎች ነዋሪውን ለቅዳሜ ስብሰባ ጠርተውታል አሉኝ። ከዚህ በፊት አንድ ስብሰባ ነበር፤ እዚያ ተነስተው ስለ ላማቸውና ስለ መሬታቸው ረጅም ንግግር አድርገው ነበር። ሲጨርሱ አዳራሹ በሙሉ «አሜን» አለ። ሰብሳቢውም ብድግ ብሎ ስብሰባውን ስለመረቁልን እናመሰግናለን አላቸው። ሽማግሌ ተነስቶ እጁን ዘርግቶ ሲናገር ምርቃት ነው ብሎ መቀበል የአገሩ ወግ ነው፤ ቃሉ ካልተሰማ ደግሞ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል። አቤቱታቸው በቃለ ጉባኤው ላይ ምርቃት ተብሎ ገባ።

«ጥርሱ ለቅዳሜ ይደርሳል?» አሉኝ።

ይደርሳል አልኩ። ግን ጉቦ አይደለም አሉ፤ ስለዚህ እዚያው ብይን ሰጡ። የእሳቸው ጥርስ እስኪያልቅ ቤት ውስጥ እንድሠራ ተፈቀደልኝ፤ ያለቀ ቀን ሕጉ ሕግ ነው፣ ዕቃው ይወጣል። «ቶሌ?» አሉ፣ ተስማማሽ ወይ ማለታቸው ነው። ቶሌ አልኩ።

እንዲህ ያለ ፈቃድ ለሠራተኛ አይሰጥም። ጥርሱ ካለቀ እኔ አለቅኩ፤ ካላለቀ ንጉሥ ነኝ። ሰኞውን ልካቸውን ወሰድኩ፣ ማክሰኞ በጀሶ አወጣሁት፣ ረቡዕ በሰም አስለካኋቸው። አዴ መስታወት ይዘው ቆመው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ሐሙስ ከሰዓት ቀቅዬ፣ ፍቄ፣ አሳምሬ ጨረስኩት። በሕይወቴ ከሠራኋቸው ሁሉ የተዋጣለት ነበር። ከከተማ ከታዘዙት አምስቱ ደግሞ ሁለቱ ገና ጀሶ ላይ ናቸው፤ መንገዱ የዚያን ዕለት ጠዋት እንደገና ተዘግቷል።

ጥርሱን ኩባያ ውሃ ውስጥ ነክሬ፣ ከድኜ አልጋ ሥር አስቀመጥኩት። አርብ አባባ ሲጠይቁኝ የድዱ ልክ አልተስማማም፣ እንደገና መሠራት አለበት፣ ሰኞ ይደርሳል አልኳቸው። ዓይኔን አላሸሸሁም። ለራሴም፣ አንድ የቅዳሜ ስብሰባ ምን ሊለውጥ ነው አልኩት። ዛሬ አፈርኩ ማለት እችላለሁ፤ ያን ቀን ግን አላፈርኩም፣ የአራተኛውን ሰው መንጋጋ ነው የፋቅኩት።

ቅዳሜ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ሄዱ። የሆነውን በኋላ የነገረችኝ ያችው ልጆቿን ያሸሸችው ጎረቤታችን ናት፤ አዳራሹ ውስጥ ነበረች። አባባ ተነሱ። ከበፊቱ ረዘም አድርገው ተናገሩ፣ ዱላቸውን ወለሉ ላይ መቱ፣ መሀል ላይም ድምፃቸው ተሰበረ። ሰዉ ሦስት ጊዜ አሜን አለ። ሰብሳቢው በዚህ ዓይነት በረከት ሥራችን መቃናቱ አይቀርም ብሎ አስጨበጨበላቸው። ጎረቤቴ ይኼን የነገረችኝ እንደ መልካም ነገር ነው፤ ኦቦ እንዴት ጥሩ አድርገው መረቁ መሰለሽ አለችኝ።

እሁድ ጠዋት የአባባ እህት ባል ከሱሉልታ መጥቶ ላሚቱን በገመድ ይዟት ሄደ። አዴ እስከ ዋናው መንገድ ሸኟት፤ ሲመለሱ «እንግዲህ ላም አለኝ በሰማይ» ብለው ሳቁ፣ ግን ነጠላቸው ዓይናቸው ላይ ነበር። አባባ ከበረንዳው አልተነሱም። እኔ በመስኮቴ፣ በመንጋጋዎቹ ራስ ላይ አሻግሬ አየኋቸው። ያን ጊዜ ነው ያፈርኩት።

ሰኞ ጥርሱን ወሰድኩላቸው። አጥልቀው ሁለት ሦስት ጊዜ ነከስ ነከስ አደረጉት። ጉንጫቸው ሞላ፣ በአሥር ዓመት ያነሱ መሰሉ። ከዚያ ቀና ብለው፣ እኔን ቀርቶ መንገደኛን ሊያስቆም በሚችል ጥርት ያለ ድምፅ ተናገሩ።

«ሐሙስ አልቆ ነበር፣ አይደል?»

አዴ ከስብሰባው በኋላ የኩባያውን ክዳን ሳያነሱ አልቀሩም። ድዱ አልተስማማም ልል አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣ አለኝ። አዎ አልኩ።

«እንዳላስወጣሽ ፈርተሽ ነው። እኔም የማዘጋጃ ሰዎች ሲመጡ ላሚቱን ማድቤት ደብቄ ሸጫታለሁ ብዬ ሁለት ጊዜ ዋሽቻለሁ።» አዲሱን ጥርስ በምላሳቸው ዳሰስ አደረጉት። «እኔ ግን የደበቅኩት የራሴን ላም ነው። አንቺ የሰው አፍ ደበቅሽ።»

ዕቃዬን ልጠቀልል ስነሳ ተቀመጪ አሉኝ። ተቀመጥኩ። እሳቸው ተነሱ፤ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ዱላቸውን ያዙ፣ በረንዳው ላይ አዳራሽ ፊት እንዳሉ ቆሙ። የቅዳሜውን ንግግር ከመጀመሪያው ጀምረው ለእኔ ተናገሩት። አባታቸው የቆፈሩትን ምንጭ፣ ማን በየትኛው ቀን ምን ብሎ እንዳስፈረማቸው፣ የትኛው መሬት የትኛው ቤት ሥር እንዳለ ተናገሩ። ከተማው ሲሰፋ እኛ ለምን እንጠባለን ብለው ጠየቁ። ከእኔ መልስ የጠበቁ ይመስል ቆም አሉ፣ ከዚያ ቀጠሉ። ሰዓት አላየሁም፤ አዴ ግን መሀል ላይ ተነስተው ዱካ አምጥተው ከጎኔ ተቀመጡ።

ሲጨርሱ «ተሰማ?» አሉኝ።

«ተሰማ አባባ።»

«እንግዲያው ሥራሽን ሥሪ። ቤታችሁ ውስጥ አትሥሩ የሚለውን እኔ አልጀመርኩትም፤ በእኔ ግቢ ግን እዚህ ላይ ይብቃ።»

እዚያ ቤት ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሠራሁ። ከዚያ ንግግር ሳምንታት በኋላ ፕላኑ ቀርቷል ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ። ላሚቱን መልሳችሁ አምጡ ያለ ሰው ግን አልነበረም፤ ሱሉልታ ወለደች፣ እዚያው ቀረች። አባባም ለሌላ ስብሰባ ተጠርተው አያውቁም፤ ጥርሳቸው ቆሎ መቆርጠሚያ ሆነ። ያን ንግግር ከሚስታቸው ሌላ ቃል በቃል የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ተከራይ ነኝ፣ ሰምቼ የት አደርሰዋለሁ።