ሳንባዋን የታመመችው ዘፋኝ

ባለፈው ጸደይ እናቴን ከምንኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማይርቀው አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ በአንድ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን የሚታይ የጣሊያን ኦፔራ ላሳያት ይዣት ሄድኩ። ዋናዋ ዘፋኝ በሳንባ በሽታ የምትሞት ሴት ሆና ነበር የምትጫወተው። አልጋ ላይ እያጣጣረች እንኳን ድምጿ ጣሪያውን ይነቀንቀዋል።

«ሳንባዋን የታመመች ሴት ይህን ሁሉ ትንፋሽ ከየት አመጣችው?» አለችኝ እናቴ በሹክሹክታ።

ሳቄን እንደምንም ዋጥ አድርጌ ዞር ስል፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ነው።

ስንወጣ ዘፋኟ በሩ ላይ ቆማ ሰው ትሸኛለች። እናቴ ሁለት እጇን ያዘችና «እሰይ ልጄ፣ እንኳን ተረፍሽ!» አለቻት። ስተረጉምላት ከት ብላ ሳቀችና እናቴን አቅፋ ሳመቻት።

ሲልቨር ስፕሪንግ እስክንገባ ግን እናቴ አልተዋጠላትም። «ምናለ ሐኪም ቶሎ ቢጠሩላት?» ትላለች።