የአባዬ ባለ አሥር አኃዝ ቁጥር

አባዬ በርበሬ በረንዳ ቅመም ይነግድ ነበር እንጂ ልቡ እዚያ አልነበረም። ልቡ ያለው አንድ ቁጥር ላይ ነው፤ ሠላሳ አንድ ሁለቶች እርስ በርስ ተባዝተው ከውጤቱ አንድ ሲቀነስ የሚመጣው፣ 2,147,483,647። ወጣት ሳለ አስተማሪው ብቸኛ ቁጥር ነው ብሎት ነበር፤ ከአንድና ከራሱ በቀር እኩል የሚያካፍለው የለም። አባዬ ደግሞ በሰው አፍ አያምንም። አያቴ ሲያርፉ ትምህርቱን ጥሎ ሱቅ ገባና፣ “በዚህች ዓለም አንድ ነገር እንኳ ራሴ አረጋግጬ ልሙት” ብሎ በእጁ፣ ደብተር ላይ ማካፈል ጀመረ። ከአርባ ስድስት ሺህ ምናምን በታች ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች በሙሉ፣ አንድ በአንድ። ከዚያ በላይ መሄድ አያስፈልግም፤ ትልቅ አካፋይ ካለው ትንሽ ጓደኛ አለው፣ ትንሹ ቀድሞ ይያዛል። ካልኩሌተር ስለው፣ “እሱንስ ማን አረጋገጠው?” ይለኛል። ወላሂ፣ እንደሱ ያለ ደረቅ አላየሁም!

ዓመታት ፈጀበት። መንግሥት ተለወጠ፣ እሱ ያካፍላል። ዓይኑ እየደከመ ሲመጣ ጭራሽ ባሰበት። ሊጨርስ ጥቂት ገጽ ቀርቶት ነበር።

ያኔ ፌስታል እንዳሁኑ አልበዛም፤ ቅመም የምንጠቀልለው ተማሪ በጨረሰው ደብተር ነው፣ በኪሎ እየገዛን። የፋሲካ ሰሞን አባዬ ዓይኑን ሊታይ ሐኪም ቤት ሄደ። ገበያው ሰው በሰው ነው። እጄ የገባውን ደብተር እየገነጠልኩ ጥቁር አዝሙድና ኮረሪማ ስጠቀልል ዋልኩ። አሥር ሰዓት ላይ ሽፋኑን ሳየው የሱ የማካፈያ ደብተር ነው። እጄን ይቁረጠው!

ዓይኑ እንደማይድን ከሐኪሙ ሰምቶ መጣ፤ እኔ ደግሞ የኔን ነገርኩት። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

“ይካፈላል ለማለት አንድ ቁጥር ይበቃል” አለ። “አይካፈልም ለማለት ግን ሁሉም መሞከር አለበት። አንድ ከጎደለ ምንም አላውቅም ማለት ነው።” የተረፉትን ደብተሮች ወደኔ ገፍቶ፣ “እንግዲህ የጎደለውን አንቺ ታካፍያለሽ” አለኝ። እኔ! ስምንተኛ ክፍል ላይ በሒሳብ የወደቅኩት!

የመጀመሪያውን ሳምንት ከልቤ አካፈልኩ። ከዚያ ሰለቸኝ። እሱ እንደሆነ ወረቀቱን አያየው፤ አካፋዩን ጠርቶ “ስንት ቀረ?” ሲለኝ አፌ ላይ የመጣውን መጥራት ጀመርኩ። “አልሐምዱሊላህ፣ ይኼም አላካፈለውም” ብሎ ፊቱ ሲፈካ እያየሁም አልተውኩም። እንደዚያ ለወራት ዋሸሁት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ “ለሠላሳ ሺህ አሥራ አንድ ስንት ቀረ?” አለኝ።

“ሠላሳ አንድ ሺህ ሁለት መቶ አራት።”

ከበረንዳው የተሸካሚዎቹ ጩኸት ይሰማል።

“ቀሪ ከአካፋዩ አይበልጥም፣ ልጄ። ከበለጠማ አንዴ ደግሞ ይካፈል ነበር።” ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “እስካሁን የነገርሽኝስ?” አለ።

የያዝኩትን እርሳስ አስቀመጥኩ። መልሱን ከኮሽታው አወቀው።

ደብተሮቹን በዳበሳ ሰበሰበ። ጫፍ ለጫፍ አስተካክሎ፣ በመዳፉ አንዴ ዳስሶ ሰጠኝ።

“ውሰጃቸው፤ ለመጠቅለያ ይሆናሉ።”

ወሰድኳቸው። እስከ ረመዳን ቅመም ጠቀለልኩባቸው። እሱ አጠገቤ ተቀምጦ ወረቀቱ ሲቀደድ ይሰማል።