በቦሩ መንጃ ፈቃድ ላይ የተመታው ማህተም

ስለ ቦሩ ሌላ የሚጽፍ ስለሌለ ነው እኔ የምጽፈው።

ቦሩ የኮልፌ ልጅ ነው፤ አብረን አጣና ተሸክመን ነው ያደግነው። በሃያ ዓመቱ ናይሮቢ ሄደና የሻይ ቅጠል የሚጭን መኪና ሹፌር ሆነ። እንግሊዝኛም እዚያው ለቃቀመ። አማርኛ ይናገራል እንጂ ፊደሉን አያውቅም። በስድሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት ለእናቱ ሙት ዓመት የአንድ ወር እረፍት ወስዶ መጣ። መንጃ ፈቃዱ ቀይ ሽፋን ያላት ትንሽ ደብተር ናት። በመሐረብ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ይይዛታል።

«እንጀራዬ ይቺ ናት። ስመለስ አለቆቼ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ እሷን ነው» ይለኝ ነበር።

ጋሼ ሀብተሥላሴ የሚባሉ አጣና ነጋዴ አሉ። የእድራችን ጸሐፊም እሳቸው ናቸው። በዚያ ሰሞን ሹፌራቸው ጥሏቸው ሄዶ ነበር።

«ቦሩዬ፣ እንግዳ ሆነህ ቁጭ ከምትል መኪናዬን ያዝልኝ እንጂ» አሉት።

«ጋሼ፣ የኔ ፈቃድ የውጭ አገር ነው። እዚህ ይሠራል እንዴ?»

«ማህተም ብቻ ነው የሚጎድለው። ስጠኝ፣ መሥሪያ ቤቱ ሰው አለኝ።»

ቦሩ ደረት ኪሱን በእጁ ያዘ።

«እናትህን ያስቀበርኩ ሰው ነኝ እኮ! ደብተርህን እበላብሃለሁ?»

ሰጣቸው። በሦስተኛው ቀን መለሱለት። መጨረሻው ገጽ ላይ ክብ ሐምራዊ ማህተም ተመቶበታል። ቦሩ ወደ ጥግ ወሰደኝና «እስቲ አንብብልኝ» አለ።

እኔ ከስሜ በቀር ማንበብ አልችልም ነበር። እሱ ግን ቄስ ትምህርት ቤት መግባቴን ያውቃል። የገባሁት ሁለት ወር ብቻ ነው፤ ይሄን አልነገርኩትም። ማህተሙን አየሁት። ክቡ በአንድ በኩል ሽርፍ ያለ ነው። ሽርፉን የሆነ ቦታ አይቼዋለሁ። አልችልም ማለት ግን አፈርኩ።

«ደህና ነው፣ የመንግሥት ነው» አልኩት።

እሱ እየነዳ እኔ እየጫንኩ ሁለት ቀን አጣና ስናመላልስ ዋልን። በሦስተኛው ቀን አየር ጤና ላይ ትራፊክ አስቆመን። ደብተሯን ገለጠ፣ አነበበ፣ ከዚያ በሳቅ ፈነዳና ጓደኛውን ጠራ።

«ና ጉድ እይ! ይሄን ሰውዬ እንዲነዳ የፈቀደለት እድሩ ነው!»

«እንዴት?» አለ ጓደኛው።

«‹የአጣና ተራ መረዳጃ እድር› ይላላ! ስሙ እናንተ፣ ድንኳኑንስ ከኋላ ጭናችኋል?»

ከዚያ ሳቁን ተወ። «ንጹሑን ደብተር ይዘህ ብትመጣ እንግዳ ነው ብለን ወደ ቢሮ እንልክህ ነበር። አሁን ግን ያልተፈቀደ ማህተም ያስመታህ ነህ፤ ውረድ» አለው።

ጣቢያ ወሰዱን። ጋሼ ሀብተሥላሴም ተጠርተው መጡ። ካፖርታቸውን እንደቆለፉ ቆመው፣ ቦሩን ሳያዩት፣ «ማህተሙ ከሳጥኔ ጠፍቶብኝ ነበር። ይሄ ሰው እቤቴ ሲገባ ሲወጣ ሰንብቷል» አሉ።

«ጋሼ! በእናቴ ሞት! እኔ?» አለ ቦሩ።

እሳቸው የካፖርታቸውን ቁልፍ ነካኩ።

እኔም እንደምንም ብዬ፣ «ጌታዬ፣ ማህተሙ ከእሳቸው እጅ ወጥቶ አያውቅም። በሽርፉ አውቀዋለሁ፤ እድር ደብተሬም ላይ አለ» አልኩ።

«ታውቀው ከነበር መኪናው ላይ ምን አወጣህ? ማንበብ ትችላለህ?» አለኝ የጣቢያው መቶ አለቃ።

«አልችልም።»

ያን ጊዜ ቦሩ ዓይኑን ከጋሼ ላይ አንስቶ ወደ እኔ ዞረ።

ቦሩን አሰሩት፤ በአራተኛው ቀን ተለቀቀ። ደብተሯ ግን ማስረጃ ናት ተብላ እዚያው ቀረች። ወሩ አለቀ። ናይሮቢ ደብዳቤ አስጻፈ፤ መኪናውን ለሌላ ሰው ሰጥተናል የሚል መልስ መጣለት። አሁን ለሌላ ነጋዴ አጣና ይሸከማል። ጋሼ ሀብተሥላሴ ሲያልፉ ጀርባውን ይሰጣቸዋል። ከእድሩም ወጥቷል፤ ነገ ማን እንደሚቀብረው እንጃ። እኔ አልወጣሁም።

የማታ ትምህርት ገባሁ። መጀመሪያ ለብቻዬ ያነበብኩት የእድር ደብተሬን ማህተም ነው። አንድ ጠዋት አጣና ተራ ሄጄ፣ «ቦሩ፣ ማንበብ ቻልኩ» አልኩት።

የተሸከመውን አላወረደም።

«ያኔ አልችልም ብትለኝ ይበቃኝ ነበር» አለኝና አለፈ።