ፎርትናይት ስንት ሌሊት ነው?

ልጅ እያለሁ፣ አራተኛ ክፍል፣ ጋምቤላ ውስጥ በእንግሊዝኛ የሚስተካከለኝ ያለ አይመስለኝም ነበር። ከክፍሌ አንደኛ እወጣለሁ፤ ሰፈሩም ያውቃል። ስለዚህ አባቴ ከሚሠራበት የእርዳታ ድርጅት አንድ ወረቀት ሲመጣ እናቴ እንዳነብላት የጠራችው እኔን ነው።

አባቴ አናጢ ነበር። ያን ቀን ጠዋት ሥራ እንደገባ መኪና ተገኘ ተብሎ ከነመሣሪያው ወደ ኢታንግ ሄዷል። ወረቀቱ የሚለው ይህንኑ ነው። ሁሉም ገባኝ፤ መጨረሻ ላይ ያለው አንድ ቃል ብቻ እንግዳ ሆነብኝ፤ «ፎርትናይት»። እናቴ የምትሸጠውን የባሮ ወንዝ ዓሣ እያጸዳች፣ ቅርፊቱ ክንዷ ላይ እንደተለጠፈ፣ አፍ አፌን ታየኛለች። «መቼ ይመጣል?» አለችኝ በቋንቋችን። ናይት ሌሊት ነው። ፎርት ደግሞ መቼም ፎርቲ መሆን አለበት። «ከአርባ ሌሊት በኋላ» አልኳት፣ ቅንጣት ሳላመነታ።

የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ቲቸር ጌታሁን የሚኖረው ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ ነበር። አልጠየቅኩትም።

የማንጎ ወቅት ነበር። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ጭማቂው እስከ ክርናችን ይወርዳል፤ ልብሳችን ሁሉ ማንጎ ማንጎ ይሸታል። እናቴ በየጠዋቱ ግድግዳው ላይ በከሰል አንድ መስመር ትጨምራለች። አባቴ ዘገየ ብሎ የተጨነቀ አልነበረም፤ አርባው መቼ ሞላና!

በሃያ ሦስተኛው ቀን ቲቸር ዓሣ ሊገዛ መጣ። «የአሪየት አባት ምነው ጠፋ?» አላት እናቴን። እሷም በምትችለው አማርኛ «እሱ አርባ ሌሊት ነው። ወረቀት አለ፣ አሪየት አነበበች» አለችው። «እስቲ ልየው» አለ። አነበበና መጀመሪያ ያየው እኔን ነበር።

«አርባ አይደለም፤ አሥራ አራት ነው» አለ ቀስ ብሎ። «የድሮ እንግሊዞች ጊዜን በሌሊት ነበር የሚቆጥሩት። አሥራ አራት ሌሊት፣ ፎርቲን ናይትስ። ሰው አፍ ላይ ሲመላለስ አጠረና ፎርትናይት ሆነ።» ከዚያ ወደ እናቴ ዞረ። «መምጫው ካለፈ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል ማለት ነው።»

እናቴ ዓሣውን ለጎረቤት ትታ፣ እጇን እንኳ በወጉ ሳትታጠብ፣ የኢታንግ መኪና ወደሚቆምበት ሄደች። ምነው በመታችኝ ብዬ ተመኘሁ።

በሦስተኛው ቀን ይዛው ተመለሰች። በሁለተኛው ሳምንት ወባ ጥሎት ኖሯል። አብረውት የሄዱት ወደ ሌላ ሥራ ተወስደው እሱ ብቻውን ክሊኒክ ቀርቷል፤ በር በተከፈተ ቁጥር ቀና እያለ ያይ ነበር አሉ። ከስቶ፣ አንገቱ ቀጥኖ መጣ። ከበሽታው ይሁን ከመድኃኒቱ እንጃ፣ ጆሮው እንደ ቀድሞው አልሰማ አለ። ቶሎ ብንደርስለት ጆሮው ይተርፍ ነበር ወይ? የሚነግረኝ ሰው የለም።

ትንሽ ሲያገግም ከቤታችን ፊት ካለው ማንጎ ሥር አጠገቡ ተቀመጥኩ። «አባ፣ ወረቀቱን በስህተት ያነበብኩት እኔ ነኝ» አልኩት። እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ጎንበስ አለልኝ። «ምን አልሽ ልጄ?» እንዲሰማኝ መጮህ ነበረብኝ፤ ሰፈሩ ሁሉ ሊሰማኝ ነው። «ምንም» አልኩ። እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።

አሁን እዚያው ጋምቤላ፣ አቦቦ ወረዳ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ሙቀቱና የተማሪው ብዛት ከሰዓት በኋላ ላይ ያዝለኛል፤ ድምፄም ቶሎ ይዘጋል። እኛ አንድ ቃል ለማወቅ የሰው ደጅ እንጠና ነበር፤ የዛሬ ልጆች ስልክ ነካ አድርገው ያገኙታል። ኔትወርክ ካለ ነው እሱም። ባለፈው ሳምንት ኔትወርክ ጠፍቶ አንዷ ተማሪዬ የአንድ ቃል ትርጉም ጠየቀችኝ።

«አላውቀውም። አይቼ ነገ እነግርሻለሁ» አልኳት።

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። «የእንግሊዝኛ ቲቸር ሆና አታውቅም?» አለ አንዱ። እንደ ልጅነቴ ቢሆን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። አሁን ጠመኔውን ከእጄ አራግፌ ትምህርቱን ቀጠልኩ። በማግስቱ ጠዋት፣ ከሰልፍ በፊት፣ ልጅቷን ከጓደኞቿ መሐል ፈልጌ ነገርኳት።